መንገድ ሲዘጋ ዘመድ ማን ነው?

በኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ኑሮ ክረምትና የመገናኛ በዓላት እምብዛም አይጋጠሙም። ክረምት ወንዝ የሚሞላበት፣ ዘመድ ከዘመዱ በወንዝ ማዶ ሆኖ በጩኸት ብቻ የሚጠያየቅበት ወቅት ነው። ውሃው ሲጎድል በእንቁጣጣሽና በመስቀል የተራራቀው ይገናኛል። ገናም የሚውለው በበጋ፣ እህል በሚሰበሰብበትና መንገድ በደረቀበት ወር ነው። እንግዲህ ሕዝቡ መለየትን ለክረምት፣ መገናኘትን ለበዓል መድቦ ኖሯል ማለት ይቻላል።

ይህን ሥርዓት ስደት አፋልሶታል። በሰሜኑ አገር ክረምቱ ከገና ጋር ይገጥማልና። በ1988 ዓ.ም. ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ቀን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 1996 ነበር። በዋዜማው ምሽት በዋሽንግተን ከተማ ላይ መውረድ የጀመረው በረዶ እስከ ሰኞ ዘልቆ፣ በከተማይቱ አቅራቢያ በሚገኘው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ተቆለለ። በሌላው ዓመት በዓሉን ሥራ የሚነሳው ስደተኛ፣ በዚያ ዓመት ዕለቱ እሑድ ቢሆንለትም መንገዱን በረዶ ዘጋበት። ዶሮ 12 ብልት ሆና የምትወጣው ለአንድ ሰው አይደለም፤ ቤተሰቡ በውቅያኖስ ማዶ፣ ወዳጁም በበረዶ ማዶ የቀረበት ሰው ግን ብቻውን ከማዕዱ ፊት ተቀመጠ። ለመሆኑ የዚህ ሰው ዘመዱ ማን ነው?

ዘመድ የሥጋና የደም ነው የሚል መልስ አለ። በዚህ መልስ መሠረት ሰውየው ስልኩን ታቅፎ ከመናፈቅ በቀር የሚሠራው የለም። ናፍቆት በራሱ ነውር አይደለም። ዳሩ ግን ፊቱን ወደ ሩቅ ብቻ ያዞረ ናፍቆት ከግድግዳ ወዲያ የሚያስለውን አረጋዊ አይሰማም። ሁለተኛው መልስ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ሕመም ሲጠና እውነትነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ለመርሳት ምክንያት ከሆነ ይስታል፤ ጎረቤት እናትን አይተካምና።

ሁለቱም መልሶች የዘነጉት ሰው አለ። በእንዲህ ያለ ሌሊት ተረካቢዋ በበረዶ ስለ ቀረች የማታውቀውን ሕመምተኛ ትታ የማትሄድ አስታማሚ አለች፤ ሌሎች ከቤታቸው ይደርሱ ዘንድ ጎዳና ሲጠርግ የሚያድር ሠራተኛ አለ። እነዚህ ለሚረዱት ሰው የሥጋ ዘመዶቹም ጎረቤቶቹም አይደሉም። ሆኖም የአንዱ ቤት ተሰብስቦ የሚበላው እነርሱ ከቤታቸው ስለ ቀሩ ነው። ይህም ዝምድና ከመወለድና ከመቀራረብ ሌላ በተግባር የሚቆም መሆኑን ያስረዳል።

የስደተኛው ግዴታም ከዚሁ ይመነጫል። አገር ቤት የቀረችውን እናቱን በበዓል ማለዳ «እንዴት አደሩ?» ብሎ በሯን የሚቆረቁር የሰው ልጅ አለ። ስደተኛው የዚያ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ዕዳውንም በሥፍራው ተገኝቶ ሊከፍል አይችልም። ሊከፍለው የሚችለው በሚኖርበት ሕንፃ፣ ልጆቹ በበረዶ ምክንያት ሊደርሱለት ላልቻሉት አረጋዊ ነው። ይህን ቢያደርግ እናቱን በሌላ አልተካም፤ ናፍቆቱም አይቀንስም። ነገር ግን ለእናቱ የሚመኘውን ያውቃልና፣ ለአረጋዊው ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚነግረው ያው ናፍቆቱ ነው። ከ12ቱ ብልት አንዱን በሳህን ይዞ ወደ ጎረቤቱ በር ለመሻገር ደግሞ የመንገዱን መከፈት መጠበቅ አያሻውም።