የሚታረም ሰው

ሥራ ለሚጀምር ወጣት ምን ዓይነት ባሕርይ ያስፈልገዋል ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ በራስ መተማመን፣ ጽናት፣ ትጋት። ትሕትናን የጠራ ሰው ስብከት የጀመረ ይመስላል፤ ለነፍስ እንጂ ለእንጀራ አይሆንም ተብሎ ተደምድሟልና። እኔ ግን በሙያ ግብ ላይ ለመድረስ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው ባይ ነኝ። ትሕትና ስል አንገት መድፋትን ሳይሆን ለመታረም ዝግጁ መሆንን ነው።

ቅኔ ቤትን እንመልከት። ተማሪው ከሰው ራቅ ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የቆጠረውን ለመምህሩ ሲነግር ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ፣ አገባቡ ከተዛነፈ እዚያው ጓደኞቹ እየሰሙ ይነቀፋል። መምህሩ ያቃናለታል፤ እሱም ሌላ ቆጥሮ ይመለሳል። ለምኖ እየበላ ይህን ለዓመታት የሚችለው አእምሮው ፈጣን የሆነው ሁሉ አይደለም፤ የተነቀፈው ቅኔው እንጂ እሱ እንዳልሆነ የገባው ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት ተከታይ እንጂ ፈጣሪ አያወጣም የሚል ይኖራል። ነገር ግን ቅኔ የትናንቱን መድገም የሚያሳፍርበት፣ ሁልጊዜ አዲስ የሚጠበቅበት ሙያ ነው፤ ያን አዲስ ነገር የሚያፈልቀውም ሲታረም የኖረው ተማሪ ነው። እርግጥ እርማትንና ማዋረድን የማይለይ መምህር አለ። እሱን ተሸክሞ መኖር ግን ትሕትና አይደለም፤ ጉባኤ እየቀየሩ ሌላ መምህር ፍለጋ መሄድ የቅኔ ተማሪም የቆየ ልማድ ነው።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው ግን ሰው ራሱ መምህር ከሆነ በኋላ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔኗ የቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ያለ ፈቃድ መንደርደር የጀመረው የኬ.ኤል.ኤም. አውሮፕላን ካፒቴን የአየር መንገዱ ከፍተኛ አሠልጣኝ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን መንገዱን መልቀቁን ተጠራጥሮ ቢጠይቅም ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መልሶለት ጉዞውን ቀጠለ። ጉሙም የሬዲዮው ድምፅ መደራረብም ድርሻ ነበራቸው፤ ሆኖም ያቺ የበታች ሰው ጥያቄ ሰሚ ብታገኝ ኖሮ ለማቆም ጊዜ ሊኖር ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ አየር መንገዶች ረዳቶች እንዲናገሩ፣ ካፒቴኖችም እንዲሰሙ ማሠልጠን ያዙ። የገዳም ጌጥ ብቻ ነው የተባለው ትሕትና የበረራ ደኅንነት ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተብሎም ሹመቱን የሚወስደው አፈ ጮሌው ወይም ዘመድ ያለው ነው ቢባል፣ አልክድም። ትሕትና የሹመት ደብዳቤ አያጽፍም። ወንበርና ሙያ ግን አንድ ግብ አይደሉም፤ የማይታረም ሰው ወንበሩን ቢይዝ እንኳ፣ የበታቾቹ ስሕተቱን እያዩ ዝም ማለትን ስለሚለምዱ ሙያው ባለበት ይቆማል። እንዲያውም ቅሬታው የሚያጋልጠው የሹመት አሰጣጣችንን ነው። የቃለ መጠይቅ ኮሚቴዎች ስለ ራእይና ስለ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ባለፈው ዓመት ከበታችህ የማንን እርማት ተቀብለህ ምን ለወጥህ ብለው ቢጠይቁ ግን ብዙ አመልካች መልስ ያጥረዋል።