የቁስሉ ልክ

ጉለሌ ወደሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚመጡት መካከል «ልቤ ድው ድው ይልብኛል፤ ዳገት አቃተኝ» የሚሉ አይጠፉም። ከሽሮ ሜዳ በላይ ለሚኖር ሰው ዳገት ማቃት ከሰፈር መቅረት ነው።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የምት መዛባት የላይኞቹን የልብ ክፍሎች ያርገበግባቸዋል እንጂ አያስጨምቃቸውም። ያልተገፋ ደም ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከወጣ ስትሮክ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ኮክስ ደረት ከፍቶ ልብን በመስመር በመስመር እየቆረጠ ሰፋ። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና የተሳሳተው ምልክት መንገድ ያጣል። በ1998 በፈረንሳይ የቦርዶ ከተማው ሐኪም ሚሼል አይሳገር ከባልደረቦቹ ጋር ሁከቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሳንባ ወደ ልብ ከሚመለሱት የደም ሥሮች መሆኑን አሳየ። ዛሬ ያው ጠባሳ በጎድን አጥንቶች መካከል በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ወይም ከብሽሽት ተነስቶ ልብ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይሠራል። የሕመሙ መነሻ በታወቀ ቁጥር ቁስሉ አነሰ።

ታዲያ የእኛ መነሻ የት ነው? በአገራችን የብዙ ወጣቶች ምት የሚዛባው በሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሚትራል የተባለው የልብ በር ይጠብባል፤ ከበላዩ ያለው ክፍል እየተለጠጠ ምቱን ይስታል። በሩ ጠብቦ ሳለ ምቱን ብቻ ማቃናት አይበቃም። ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ባበጀው ፊኛ፣ በሩ ከተመቸ፣ ደረት ሳይከፈት በብሽሽት በኩል ማስፋት ይቻላል። ከዚያም በኋላ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መዋጥና የደምን መቅጠን በየጊዜው ማስለካት አይቀርም።

ከዚህም ወደ ኋላ ብንሄድ የምናገኘው ጉሮሮውን የታመመ ልጅ ነው። በባክቴሪያ የመጣው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የአንዳንዱን ልጅ ልብ ይጎዳል። እኛ ግን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለን ምላጭ የምናስነካበት ጊዜ አለ፤ ያለቦታው የተቆረጠ ቁስል የሚባለው ይሄ ነው። በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ያን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል።

ዘግይቶ ለደረሰ ደረት ይከፈታል፣ ቀደም ላለ ቱቦ ይገባል፣ ከሁሉ ለቀደመ መርፌ ይበቃል። ስለዚህ ልጅዎ ጉሮሮውን ሲያመው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ሩማቲክ ያለበትም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የታዘዘለትን የፔኒሲሊን መርፌ፣ ዳነሁ ብሎ፣ አያቋርጥ።