የተቈጠረ ስግደት፣ ያልተቈጠረ ጸጸት

በመጠለያችን ከዓመት በላይ ለእናቱ ያልደወለ ሰው አለ። አንድ ብቻም አይደለም። ለምን ቢባል «በምን ፊቴ?» ይላል። ላሟ ተሽጣ ገንዘቧ ለደላላ ተከፍሏል፤ ወይም መንገድ ላይ የቀረ ጓደኛ አለ፤ ወይም አባቱ ሲቀበሩ እርሱ አልነበረም። ማሕሙድ ሃይቤ የምንኖር ስደተኞች ከሻንጣችን ይልቅ ይህን ተሸክመን ሐርጌሣ ገባን ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ኃጢአት ነውን? በመሠረቱ ሁለት ነገር ተደባልቆብናል። ሸሽቶ መትረፍ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህች የተቀበለችን ከተማ በሞላዋ ኃጢአተኛ በሆነች ነበር። በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1988) የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሣን በመድፍና በአውሮፕላን ሲደበድብ፣ ከሕዝቧ እጅግ ብዙው ሙታኑን ትቶ ወደ እኛው አገር፣ ወደ ሐርተሼክ ፈልሷል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ተመልሶ ቤት የሠራውን፣ ልጅ የዳረውን «ለምን ተረፍክ?» ብሎ የሚከስሰው ማን ነው?

ሌላው ግን እውነተኛው በደል ነው፤ የተካደ ቃል፣ ያልተመለሰ አደራ። ይህ በ«አይዞህ» ብቻ አይታለፍም። አባቶቻችን ሥርዐት አበጅተውለታል። በስቅለት ዕለት ምእመኑ ሲሰግድ ውሎ ማምሻውን ካህኑ ፊት ይቀርባል። ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርገው «ይህን ያህል ስገድ» ይሉታል። ልብ በሉ፤ ቅጣቱ ቍጥር አለው! ቍጥሩን የፈጸመ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ቄጤማውን ራሱ ላይ ያሥራል፤ እሑድ ይፈስካል። ከዚያ ወዲያ በገዛ ፈቃዱ ስግደት የሚጨምር፣ የቀረበለትንም ዶሮ ወጥ የሚገፋ ሰው ትሑት ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን ከዳኛው በላይ ዳኛ መሆኑ ነው። ይቅር የተባለ ሰው ደስታም ግዴታው ነው፤ ፋሲካ ካልበላ ስቅለቱን ለምን ሰገደ?

«የእኔስ ይበዛል» የሚል ይኖራል። የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ስትከበር የሚተረከውን የበላዔ ሰብእን ነገር የማያውቅ የለም። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ የተጠማ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ማረ ይባላል። ለእርሱ ሲሆን አምነን እንቀበላለን፤ ለራሳችን ሲሆን እንከራከራለን። ከሰባ ስምንት በላይ የበላ ካለ እጁን ያውጣ!

ብዙዎቻችን የንስሐ አባታችንን አገር ቤት ትተን መጥተናል፤ ይህ ችግር ነው፤ አንክድም። ሙስሊም ወንድሞቻችን ግን እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ያስታውሱናል። ተውባ ያደረገን አላህ ይምረዋል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ እስኪመለስለት ወይም «አፉ» እስኪል ይቆያል። ስለዚህ ለሐጅ የሚነሣ ሰው ጎረቤቱን «አፉ በሉኝ» እያለ ይዞራል። የክርስቲያኑም ንስሐ ካሣን ይጠይቃል።

እንግዲህ የማይደውለው ወንድማችን ራሱን የቀጣ ይመስለዋል እንጂ የሚቀጣው እናቱን ነው። ገንዘብ ባይኖረው ድምፅ አለው። ላሟን የሸጠችው ድምፁ እንዲጠፋባት አልነበረም። ደግሞም የደወሉት እንደሚነግሩን፣ እናቶቹ የላሟን ነገር አያነሡም። «በልተሃል?» ነው የሚሉት።