ድምፅ የማን ንብረት ነው?

ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለሳሎኑ የሲኒማ ድምፅ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የሚያስጨንቁት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ የትኛው ስፒከር ይሻላል? ስንት ዋት ይበቃል? ሰብዉፈሩስ የት ይቀመጥ? ሲታዩ የባለሙያ ጥያቄዎች ብቻ ይመስላሉ። ከሥራቸው ግን አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፤ ሰው በገዛው ዕቃ የሚያወጣው ድምፅ የራሱ ንብረት ነው ወይ? ሶፋ የገዛ ሰው ሶፋውን ወዳሻው ጥግ ቢያዞረው ጎረቤቱን የሚነካው ነገር የለም፤ ሶፋው ግድግዳ አልፎ አይሄድም። ስፒከር ግን ሥራው አየርን ማንቀጥቀጥ ነው፤ አየሩን፣ ግድግዳውንና ወለሉን ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር እንካፈላቸዋለን። ስለዚህ ሣጥኑ የገዢው ቢሆንም ድምፁ የእርሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። መሣሪያው በበረታ ቁጥር የባለቤቱ መብት አይሰፋም፤ ግዴታው ይከብዳል። ይህን ነው ማስረዳት የምፈልገው።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ እንዳይመስል ከድምፅ ተፈጥሮ እንነሣ። ድምፅ በመኖሪያ ክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 1000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 34 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ 50 ኸርዝ የሆነ ቤዝ ወደ 7 ሜትር፣ 20 ኸርዝ የሆነው ደግሞ 17 ሜትር ይደርሳል። ከብዙ ሰው ሳሎን የሚረዝም ሞገድ ማለት ነው። ግድግዳ ደግሞ ድምፅን የሚያግደው በዋናነት በክብደቱ ነው፤ በመርሕ ደረጃ የድምፁ ድግግሞሽ በግማሽ በወረደ ቁጥር የግድግዳው መከላከል በ6 ዴሲቤል ያህል ይላላል። ከ1600 ወደ 50 ኸርዝ ስንወርድ 30 ዴሲቤል ያህል መከላከያ ጠፋ ማለት ነው። ጎረቤት የፊልሙን ንግግር ሳይሰማ ፍንዳታውን ብቻ የሚሰማው፣ ዜማው ሳይደርሰው ምቱ ደረቱን የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም የተሠሩ ሕንፃዎችን እናስብ፤ ግድግዳቸው በብዛት ውስጡ ክፍት ከሆነ ብሎኬት የተሠራ ነው፣ የኮንክሪት ወለላቸውም ንዝረትን ከፎቅ ወደ ፎቅ ያሻግራል። በእንዲህ ያለ ቤት ሰብዉፈርን ከጎረቤት ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ጥግ መደንቀር የቦታ ምርጫ ብቻ አይደለም። ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው ዝቅተኛውን ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ድረስ ሊጨምሩለት ይችላሉ። ባለቤቱ ቁልፉን ሳይነካ፣ ሣጥኑን በማስቀመጡ ብቻ፣ ስለ ሌላ ሰው እንቅልፍ ወስኗል።

ይህ የድምፅ ጠባይ ፈላስፎችን ቀድሞም አሳስቧል። አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው፣ ስለ ውበት በሚመረምረው ታላቅ መጽሐፉ ሙዚቃን ከሌሎች ጥበቦች ጋር ሲያነጻጽር ጨዋነት የጎደለው መሆኑን አንሥቷል፤ ሥዕል ማየት የማይፈልግ ሰው ዓይኑን ማዞር ይችላል፣ ሙዚቃ ግን ያልጠራውን ጎረቤት ሁሉ ያስገድዳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1784 በቤቱ አጠገብ ያሉ እስረኞች መዝሙር በጩኸት መዘመራቸው ስላወከው ለኮኒግስበርግ ከንቲባ አቤቱታ ጽፎ ነበር። ካንት ሙዚቃ ብዙም የማይወድ ሰው ነበርና ፍርዱን ለጠባዩ እንተውለት የሚል ይኖራል። የመጽሐፈ ምሳሌ ጸሐፊ ግን ለሙዚቃ ጥላቻ የለውም፤ እርሱም በምዕራፍ 27 ቁጥር 14 ማለዳ ተነሥቶ ባልንጀራውን በታላቅ ድምፅ የሚባርክ ሰው ምርቃቱ እንደ እርግማን እንደሚቆጠርበት ይናገራል። ይህ በጣም የሚገርም ፍርድ ነው። የተነገረው ቃል ምርቃት ነው፤ ተናጋሪውም ወዳጅ ነው፤ ሰዓቱና ጩኸቱ ብቻ በጎውን ነገር ገለበጡት። የይዘት ጥሩነት የመጠንን በደል አይሽርም ማለት ነው። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1225 ባለንብረት በጢስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸትና በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ንዝረትን ለይቶ መጥቀሱን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተጻፈው ሕግ ሰብዉፈርን ሳያውቀው ያወቀው ይመስላል።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ቤቱም ገንዘቡም የእኔ ነው የሚለው ነው። ባለቤትነት ግን እስከ ግድግዳው ድረስ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛው ሕፃን፣ የሚታመመው ሽማግሌ፣ ለፈተና የሚያጠናው ተማሪ ለድምፁ ዋጋ አልከፈሉም፣ ፈቃዳቸውንም አልተጠየቁም። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው፤ ከተማው ሁሉ ይጮኻል፣ መዝሙር ቤቱም መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ሱቁም ድምፅ ማጉያ ሰቅሏል፣ ታዲያ የእኔ ሳሎን ምን ያህል ሊጨምር ነው? ጩኸቱ መኖሩ እውነት ነው፤ በአደባባይ ያለው ድምፅ ማጉያም በዚሁ ሚዛን መመዘን እንዳለበት አምናለሁ። ነገር ግን ሰው ቀኑን ሙሉ የአደባባዩን ጩኸት ችሎ የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው። የቀረችውን አንዲት ማረፊያ የሚነካ በደል፣ ሌላው በደል ስለበዛ አያንስም፤ እንዲያውም ይከብዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከድምፅ አፍቃሪዎች የሚመጣ ነው፤ ይህን ሁሉ ከተጠነቀቅን ውድ መሣሪያ መግዛት ምን ይጠቅማል፣ ያለ ኃይልስ ጥራት ይገኛል ወይ? እዚህ ላይ ማስረጃው በግልጽ ተቃራኒውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፎግ ሙዚየም ያለው የንግግር አዳራሽ ቃል የማይለይበት ሆኖ ሲያስቸግረው ወጣቱን የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢንን ጠየቀ። ሳቢን ከሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ ሌሊት ሌሊት ሲለካ፣ የድምፁን ጥራት የሚወስነው የክፍሉ ስፋትና ውስጡ ያለው ድምፅ የሚውጥ ነገር መሆኑን አገኘ። በዚያ እውቀት የታነጸው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በ1900 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይደነቃል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1994፣ የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ አድማጮች ስፒከሮችን አንድ ጊዜ በመጋረጃ ተከልለው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እያዩ እንዲመዝኑ አደረጉ። ዕቃው ሲታይ ምዘናው ተለወጠ፤ መልኩና ስሙ ጆሮን አሸነፈ። ስለዚህ የሚገዛ ሰው በዋጋውና በግዝፈቱ ሳይሳብ፣ የሚያውቀውን የሰው ድምፅ በልከኛ መጠን እያሰማ ቢመርጥ ይሻለዋል። ኃይልን በተመለከተም ዋቱን አሥር እጥፍ ማድረግ ድምፁን ለጆሮ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚያጎላው፤ ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ደስታ ትንሽ ነው።

አቀማመጡም እንደዚሁ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጣው ምክር የፊት ሁለቱ ስፒከሮች ከአድማጩ መካከለኛ መስመር ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ላይ፣ የጎኖቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ላይ እንዲሆኑ ነው። ይህ የማዕዘን ጉዳይ እንጂ የርቀት ጉዳይ አይደለም። ሰው ስፒከሮቹን በዚያው ልክ አቀራርቦ ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትር ቀርቦ ቢቀመጥ፣ ማዕዘኑ ሳይበላሽና የሚሰማው ድምፅ ሳይቀንስ ቁልፉን፣ ሜዳ ላይ ቢሆን በ6 ዴሲቤል፣ ክፍል ውስጥ ከዚያ ባነሰ፣ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ሰብዉፈሩን ከጥግ ማውጣት ለጎረቤት የሚሻለውን ያህል ለአድማጩም ይሻላል፤ ጥግ ላይ ያለ ሰብዉፈር የክፍሉን ተፈጥሯዊ ንዝረቶች ሁሉ ስለሚቀሰቅስ አንዱ መቀመጫ ላይ ያጉረመርማል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። ከሥሩ ንዝረት የሚውጥ ወፍራም ጎማ ወይም ስፖንጅ ማድረግ፣ በሪሲቨሩ ላይ ያለውን የሌሊት ማስተካከያ መጠቀም ዋጋቸው ቀላል ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ክፍሉን ያረጋጋሉ፤ ቤዝን ግን አያስቀሩም። ይህን እወቁት፤ ምንጣፍ አንጥፎ ግዴታዬን ተወጣሁ ማለት ራስን ማታለል ነው።

ከሃይማኖት ወገን ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ጥርጣሬ ይመጣል። እንዲህ ያለ የጆሮ ድሎት በራሱ ከንቱ አይደለም ወይ? ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው በአሥረኛው መጽሐፍ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ሲማርከው እንደሚበድል ቆጥሮ ተጨንቋል፤ ግን ዜማን ከቤተ ክርስቲያን ማስወጣትን አልመረጠም። ኢማም አል ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉም አድ ዲን ድምፅን በደፈናው አላወገዙም፤ ፍርዱ ድምፁ በአድማጩ ልብ በሚቀሰቅሰው ነገር ላይ እንዲቆም አድርገዋል። በእኛም ትውፊት ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ የያዘው ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ሁለቱም እንዳላወቁ ይነገራል። ሦስቱም የሚመዝኑት መስማትን ነው፤ ሰው ራሱን ለሚሰማው ነገር መስጠቱን። እኔም ጥሩ ድምፅን መውደድ ነውር ነው አልልም። በጥንቃቄ የተቀረጸ ዜማ በጥንቃቄ መሰማት ይገባዋል። ነውሩ የሚመጣው ድምፅ መስሚያነቱ ቀርቶ በሌሎች ላይ መሠልጠኛ ሲሆን ነው።

ከጎረቤት በፊት ደግሞ በባለ መሣሪያው በራሱ ጣሪያ ሥር ያሉት አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት እስከ 80 ዴሲቤል፣ ለሕፃናት 75 ዴሲቤል ደኅና ነው ይላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 90 ላይ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። የሞተ የውስጠኛ ጆሮ ሕዋስ በሰው ላይ ተመልሶ አይበቅልም። በቀጭን እግር ላይ የቆመ ከባድ ስፒከር ዳዴ የሚል ልጅ ሲደገፈው ይወድቃል፤ ስለዚህ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ክፍት ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር የተሰቀለ ከባድ ሣጥን አንድ ቀን ይነቀላልና ግድግዳውን አልፎ የሚያዝ ብሎን ይሁንለት፣ ያለዚያ መሬት ይቀመጥ። ገመድ በምንጣፍ ሥር አይለፍ፤ እየተረገጠ ይላጣል፣ እሳትም ያስነሣል።

እንግዲህ መሣሪያ ለመትከል ያሰባችሁ ግድግዳውን ከመብሳታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ስፒከሩን ባሰባችሁት ቦታ አስቀምጡ፣ በምትወዱት መጠን አንድ ፊልም ክፈቱ፣ ከዚያም የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ከእነርሱ መኝታ ክፍል ሆናችሁ አዳምጡ። ቦታውንና መጠኑን ከዚያ ስትመለሱ ወስኑ።