«እኔ ጋ ይሠራል»

ከኮምፒዩተር ባለሙያዎች አፍ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ አጭር መልስ አለ። አንዱ የጻፈው ፕሮግራም በሌላው ማሽን ላይ አልሠራ ሲልና ጸሐፊው ሲጠየቅ፣ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል። ውሸት አይደለም፤ በእርግጥም እሱ ጋ ይሠራል። ሆኖም ጠያቂው በዚህ መልስ ሲጽናና አይታይም። እንዲያውም ከዝምታ የባሰ ንቀት ሆኖ ይሰማዋል። ለመሆኑ እውነት የሆነ ነገር እንዲህ የሚያስቀይመው ለምንድን ነው? ይህን ለመመርመር የመረጥሁት በጣም ተራ የሆነ ሥራ ነው፤ ፎቶግራፍን ወደ ፊደል የሚለውጥ፣ ከአሥር መስመር የማይበልጥ የትእዛዝ ጽሑፍ።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ፣ በቤል ላቦራቶሪ፣ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ተወለደ። ዘሩ በዝቷል። የአፕል ኮምፒዩተሮች የሚሠሩበት ሥርዓት ከዚያ የትውልድ ሐረግ የሚመዘዝ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ በሥጋ ባይወለድም በአምሳያው የተሠራ ነው። በእነዚህ ሁሉ ላይ ሰው የሚጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም «ሼል» የሚባል ፕሮግራም አለ። ትእዛዞቹን በአንድ ፋይል አስፍሮ በአንድ ጊዜ ማስፈጸም ይቻላል፤ ሼል ስክሪፕት የሚሉት ይህንኑ ነው። ቤተሰቡ ይመሳሰላል፤ የቤቱ ልማድ ግን ይለያያል።

ፎቶግራፍን ወደ ፊደል መለወጥስ ለምን አስፈለገ? ኢሜይል ሲፈጠር የተሠራው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ እንዲሸከም ነበር። ፎቶግራፍ እንዳለ ቢጨመርበት መንገድ ላይ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1980 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ፣ ምስሉን በፊደላትና በልዩ ልዩ ምልክቶች ጽፎ የሚልክ ዘዴ ተበጀ። ጥሩ ነበር፤ ግን ከመረጣቸው ምልክቶች አንዳንዶቹ በአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ዘንድ ሌላ ትርጉም ነበራቸው፤ በእነዚያ በኩል ያለፈ መልእክት ተለውጦ ይደርስ ነበር። በ1992 ለኢሜይል በወጣው «ማይም» በተባለው ደንብ ውስጥ የገባው «ቤዝ 64» ይህን ችግር ያስወገደው ባስገረመኝ መንገድ ነው። ሃያ ስድስቱን ትልልቅ የላቲን ፊደላት፣ ሃያ ስድስቱን ትንንሽ፣ አሥሩን አኃዞችና ሁለት ምልክቶችን ብቻ ወሰደ፤ በድምሩ 64። የተመረጡትም በየአገሩ የኮድ ሠንጠረዥም ሆነ በአይቢኤም ዘንድ ሳይለወጡ የሚገኙት እነዚህ ስለሆኑ ነው። መራጮቹ «እኛ ቤት ምን አለ?» ሳይሆን «በጎረቤቶቻችን ሁሉ ቤት የሚገኘው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ ማለት ነው። ዋጋም ከፍለውበታል። ሦስቱ ባይት አራት ፊደል ስለሚሆን ጓዙ በሲሶ ይጨምራል።

እንግዲህ ዘዴው ራሱ ለማያውቁት ሰው በማሰብ የተሠራ ነው። ዘዴውን የሚያስፈጽመው ስክሪፕት ግን ብዙ ጊዜ ይህን አሳቢነት ይረሳል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በዩኒክስ «ኤኮ» የሚባል፣ የሰጡትን ቃል መልሶ የሚጽፍ ትእዛዝ አለ። ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ የለም። ታዲያ ጽፎ ሲጨርስ አዲስ መስመር ይጀምራል፤ እንዳይጀምር ከተፈለገስ? በበርክሌይ ቤት ከቃሉ በፊት ሰረዝና «ኤን» የምትባለውን የላቲን ፊደል ማስቀደም ልማድ ሆነ። በኤቲ ኤንድ ቲ ቤት ደግሞ ከቃሉ መጨረሻ ሌላ ምልክት ማኖር ተለመደ። ፖዚክስ የተባለው የጋራ ስታንዳርድ ሲጻፍ ሁለቱን ማስታረቅ አልተቻለም፤ ስለዚህ ነገሩ ለየቤቱ ተተወ። እንበል አንድ ሰው በሊኑክስ ላይ፣ በበርክሌይ ልማድ፣ «የሚከተለው ምስል ነው» የሚል መግቢያ በኤኮ ጽፎ ፊደል የሆነውን ፎቶግራፍ ከሥሩ አስቀጠለ። ያው ስክሪፕት በአፕል ማሽን ላይ «ኤስ ኤች» በሚባለው መደበኛ ሼል ሲሄድ፣ ኤኮ ሰረዟንና ፊደሏን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ቃል ቆጥሮ እዚያው ይጽፋቸዋል። ማሽኑ አይጮህም። ስህተት ተገኘ አይልም። ሥራው ተጠናቀቀ ብሎ ይመለሳል። ፎቶግራፉ ግን አይከፈትም፤ ይህም የሚታወቀው ምናልባት ከወራት በኋላ፣ ዋናው ቅጂ ቦታ ለማስለቀቅ ከተሰረዘ ወዲህ ነው።

ጉዳዩ ከእጅ ሥራ ወደ ምግባር የሚሻገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጮኾ የሚሰበር ነገር የሰውን ሰዓት ይወስዳል። ዝም ብሎ የሚሰበር ግን ሰው አምኖ የሰጠውን ነገር ይወስዳል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በኤኮ ፈንታ «ፕሪንትኤፍ» የተባለውን ትእዛዝ መጠቀም፣ እሱ በየቤቱ አንድ ዓይነት ነውና። ምስሉን ወደ ፊደል የሚለውጠው ትእዛዝም የራሱ ጣጣ አለው። በሊኑክስ በየ76 ፊደሉ መስመር ይቆርጣል፤ በአፕል አንድ ረጅም መስመር አድርጎ ያወጣዋል። ሊኑክስ ላይ «አትቁረጥ» የሚል ምርጫ አለ፤ ያ ምርጫ ግን በሁሉም ዘንድ የታወቀ አይደለም። ብልኁ ጸሐፊ ምርጫውን ይተወውና የወጣውን ተቀብሎ መቁረጫዎቹን በሌላ ጥንታዊ ትእዛዝ ያጠፋቸዋል፤ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ውጤቱ ያው ይሆናል። ያቀረቡለትን የሚበላ እንግዳ ማለት ይህ ነው። በሁሉም ዘንድ የሚሠራ ጽሑፍ ብዙ ዕውቀት የሚጠይቅ ይመስለን ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ፍላጎትን መቀነስ ነው። (እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ በስታንዳርዱ የሰፈረው የቤዝ 64 መሣሪያ በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ሳይጫን ይቀራል፤ በየቤቱ የሚገኘው በስታንዳርዱ ያልነበረው ነው። ሕግና ኑሮ እንዲህ ናቸው።)

አሁን ተቃዋሚው ይናገር። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል። ስክሪፕቱን የጻፍሁት ለራሴ ነው፤ በነጻ ሰጠሁ፤ ማንም አልከፈለኝም፤ ዋስትና እንደማልሰጥም ጽፌአለሁ። ልክ ነው። እንዲያውም ከዚህ በላይ ልጨምርለት። ለሁሉም አስባለሁ የሚለውም ያጠፋል፤ ባለቤት የሌላቸው፣ ከሞቱ የቆዩ ማሽኖች በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ የሚመረምሩ በሺሕ የሚቆጠሩ መስመሮችን በየፕሮግራሙ ተሸክመን ኖረናል። ለማይመጣ እንግዳ በየቀኑ ድግስ መደገስ ደግነት አይባልም።

ይሁን እንጂ ስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር አለው፤ በዚያ መስመር ላይ ጸሐፊው የሚያስፈጽምለትን ሼል ስም ይጠራል። «ኤስ ኤች» ብሎ ከጻፈ፣ መደበኛው ይበቃኛል፣ የትም ውሰዱኝ ማለቱ ነው። «ባሽ» ብሎ ከጻፈ፣ ያለዚያኛው አልሠራም ማለቱ ነው፤ ባሽ ብሪያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ለጂኤንዩ የሠራው፣ ከመደበኛው ብዙ ተጨማሪ ጸጋ ያለው ሼል ነው። በሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ ኤስ ኤች ሲሉት የሚመጣው ባሽ ራሱ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው በመደበኛው ስም ፈርሞ የባሽን ቋንቋ ይጽፍ ነበር። ቃሉን የሚፈትን አልነበረማ! ኡቡንቱ በጥቅምት 2006 ባወጣው እትም፣ ለፍጥነት ሲል፣ በኤስ ኤች ስም የሚመጣውን «ዳሽ» በተባለ ቀጭን ሼል ተካው፤ ደቢያንም በ2011 ተከተለው። ያን ጊዜ ስክሪፕቶች በየቦታው ተሰበሩ፤ እሮሮውም በረታ። ጥፋቱ የማን ነበር? የለወጡት «የጻፋችሁትን አንብቡ» አሉ፤ የተጎዱት «ትናንት ይሠራ ነበር» አሉ። እኔ ለለወጡት እፈርዳለሁ፤ በፍርዴ ግን ሙሉ በሙሉ አልረካም፤ የተጎዳው አብዛኛው ሰው ስክሪፕቱን የጻፈው አልነበረምና።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የምግባር ድርሰቱ፣ የምትመራበት ደንብ የሁሉ ሕግ ቢሆን ትወዳለህ ወይ የሚለውን መፈተኛ አቅርቧል። «የሰው ሁሉ ማሽን እንደኔው ነው» የሚለውን ደንብ በዚህ እንፈትነው። ሁሉም እንዲህ ቢያስብ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሻገር ሥራ አይኖርም። ግን ካንት ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ ይህን ደንብ ሁሉም እኩል አይከተለውም። ጥቂቶች የሚጠቀሙበትን ሥርዓት የያዘ ሰው የብዙኀኑንም ልማድ አጥንቶ ያድራል፤ ግድ ነው። የብዙኀኑን የያዘው ግን ሌላ ቤት መኖሩን ሳያውቅ ዕድሜውን መፈጸም ይችላል። አለማወቁ ምንም አያስከፍለውም፤ የሚከፍልለት ሌላው ነው። «እኔ ጋ ይሠራል» ጆሮ የሚያቆስለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህን ለእኛ ማስረዳት ብዙ አያስፈልግም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በየራሱ ሠንጠረዥ ያስቀምጥ ነበር። አዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤ ዋሽንግተን ሲከፈት፣ ያው ሶፍትዌር ከሌለ፣ የላቲን ፊደልና የምልክት ድሪቶ ሆኖ ይቀር ነበር። ላኪው «እኔ ጋ ይነበባል» ይላል። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ደብዳቤውን አትሞ በፋክስ መላክ መረጠ፤ ፊደልን ወደ ምስል ለወጠ ማለት ነው፤ የቤዝ 64 ግልባጭ።

ታዲያ አንድ ሊኑክስ ብቻ ያለው ሰው፣ የአፕል ማሽን ለመግዛት አቅም የሌለው፣ ምን ያድርግ? ሊሞክረው በማይችለው ማሽን ላይ ይሠራል ብሎ ሊፈርም አይገባውም፤ ስላልሞከረው ብቻ ሥራውን ይደብቅ ማለትም ግፍ ነው። ከመጀመሪያው መስመር ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምር፤ «በሊኑክስ ላይ ብቻ ተሞክሯል፤ ባሽ ያስፈልገዋል።» እንዲህ ያለው ማስታወሻ በልዩ ምልክት ስለሚጀምር ሼሉ ዘሎት ያልፋል። የሚያነበው ሰው ብቻ ነው።