ብዕርን ስለ መውደድና የዕለቱን ነገር በዕለቱ ስለ መጻፍ

ሰው የሚሠራበትን መሣሪያ መውደዱ ተገቢ ነውን? ወይስ ፍቅሩ ሁሉ ለሥራው ብቻ ሊሆን ይገባዋል? ገበሬ ስለ ሞፈሩ ማማር ብዙ ቢናገር ጎረቤቱ «እርሻውስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እንደዚሁም ቀለሙን በሆዱ የሚይዘውን፣ ብዙ ሰው በሠሪው ስም ፓርከር እያለ የሚጠራውን ብዕር በደረት ኪሱ ሰክቶ የሚሄደውን ሰው አይተው «ይህ ለጌጥ ነው እንጂ ለጽሕፈት አይደለም» የሚሉ አሉ። ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከኪስ ሳይወጣ የሚያረጅ ብዕር ሞልቷልና። እኔ ግን በዚህ ነገር ከነቃፊዎቹ ጋር አልተባበርም። ብዕሩን የሚወድ ሰው ማታ ማታ የሚያነሣበትን ምክንያት ይፈልጋል፤ በየማታው የጻፈ ሰውም ሃያ ዓመት ቆይቶ በገዛ ልቡ ላይ የሚመሰክር ወረቀት በእጁ ይኖረዋል። ለዚህ ነገር ማስረጃ የሚሆነኝን ታሪክ ከአገው ምድር አመጣለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ብዕሩ ጥቂት ልናገር።

የብዕሩ ብረት መካከሉ እንደ ጠጕር በቀጠነ ስንጥቅ የተከፈለ ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ይህም ጠባብ ስንጥቅ ቀለሙን ወደ ጫፉ ይስባል፤ ቀለም በወጣ መጠንም በስፍራው አየር ይገባል። ይህን መውጣትና መግባት አስማምቶ ማስኬድ ለብዙ ሠራተኞች አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል፤ በኒውዮርክ ይኖር የነበረው ሉዊስ ዋተርማን በዚህ ነገር ያገኘውን ብልሃት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1884 ዓመት በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው እስክሪፕቶ ጫፉ ላይ ትንሽ ድቡልቡል ብረት ስላለው ካልተጫኑት ደኅና አድርጎ አይጽፍም፤ ብዙ ገጽ የጻፈበት ሰው ጣቱን ያመዋል። የቀለም ብዕር ግን በራሱ ክብደት ወረቀቱን እየነካ ይሄዳል። ፊደላችንም ከሸምበቆ ብዕር የተወለደ ስለ ሆነ ወፍራምና ቀጭን መስመር ይስማማዋል፤ አፉ ሰፋ ያለ ብዕር ሲያገኝ የቀድሞ መልኩ በመጠኑ ይመለስለታል። ወደ እንጅባራ የሚወጣ መንገደኛ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ከቆላ በተነሣ ጎዶሎ ብዕር ውስጥ የታሸገው አየር ከፍታው ሲጨምር ይሰፋና ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ብዕሩ ወይ ሙሉ ይሁን፣ ወይ ጫፉ ወደ ላይ ይቁም፤ አለዚያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ደረቱ ላይ ሰማያዊ ማኅተም ይዞ ይደርሳል።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ከካህናት ወገን ሊመጣ ይችላል። በአገራችን ቀለም እንዲያው የተገኘ ነገር አልነበረም። ጸሐፊ ጥላሸትና ያረረ እህል፣ ቅጠላ ቅጠልም ቀላቅሎ በውሃ እየበጠበጠ ወራት ሙሉ ያስቀምጠዋል፤ ብራናውን ፍቆ፣ በወስፌ ወግቶና አስምሮ፣ ሸምበቆውን በቢላ ቀርጾ፣ ቀለም ቀንዱን ከመሬት ተክሎ፣ ጉልበቱን አትሮንስ አድርጎ ይጽፋል፤ ቀዩንም ቀለም ለከበረው ስም ይጠብቀዋል። እንዲህ ተደክሞበት ለቅዱስ ቃል የተለየ ነገር ስለ ገበያ ዋጋ፣ ስለ ዝናም መዘግየት፣ ስለ ጎረቤት ፈረስ ይጻፍበታልን? ጥያቄው ሊከበር የሚገባው ነው፤ መልሱ ግን ከራሱ ከዕቃ ቤቱ ይገኛል። የቆዩ የወንጌል መጻሕፍት ሲገለጡ በባዶው ቅጠልና በኅዳጉ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋያት ቍጥር፣ የሽያጭና የውል ቃል ተጽፎ ይታያል፤ የምስክሮቹም ስም ተራ በተራ ተዘርዝሯል። አባቶች የዕለቱን ነገር ከወንጌል አጠገብ ያኖሩት የገበያን ነገር ከወንጌል እኩል አድርገው አይደለም፤ በዚያ ስፍራ የተጻፈ ቃል ማንም በቀላሉ አይሽረውም ብለው ነው። እንግዲህ የዕለት ኑሮ ከቀለም አልተከለከለም፤ ሲጻፍ ግን ምስክር ይፈለግበት ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው። ስፍራው ዛሬ ከአዊ ዞን ውጭ በሰከላ ወረዳ ይገኛል፤ በዚያ ዘመን ግን ከአገው አገር የሚቈጠር ነበረ፤ ብሩስም በምንጩ ዙሪያ ያገኛቸውን ሰዎች አገው እያለ ጽፏቸዋል። ከእርሱ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ነበረ። ይህ ሰው የዛፉን ቅጠልና አበባ በየመንገዱ ይነድፍ፣ የጕዞውንም ማስታወሻ በገዛ ቋንቋው ይጽፍ ነበር። ዕድሜው አጭር ሆነና አገሩን ሳያይ ጎንደር ላይ ሞተ፤ ወረቀቱ ሁሉ በብሩስ እጅ ቀረ።

ብሩስ አምስቱን ትልልቅ መጻሕፍት ያሳተመው በ1790 ነው፤ ይህም ግሽ ዓባይን ካየ ከሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ባሉጋኒ ምንጩን ካዩት ሰዎች መካከል የለም፤ ሞቱም ከጕዞው በፊት የሆነ መስሎ ተተርኳል። የባሉጋኒ እጅ የነደፋቸው ሥዕሎችም የብሩስ ሥራ ተብለው ታወቁ። ከእርሱ በፊት በ1618 ምንጩን አይቶ የጻፈውን ፔድሮ ፓኤዝንም ብሩስ አላየውም ብሎ ተከራከረው። እንዲህ ሆኖ በምንጩ አጠገብ ከአውሮፓ ምሁራን ወገን አንድ ብሩስ ብቻ ቆሞ ቀረ። ብሩስ በ1794 ከሞተ በኋላ ግን ወረቀቶቹ ሲመረመሩ የባሉጋኒ የገዛ እጁ ማስታወሻ ተገኘ፤ ሠዓሊው እስከ ምንጩ ድረስ አብሮ እንደ ነበረ ይኸው ጽሑፍ መሰከረ።

ስለዚህ ነገር ብሩስን ሐሰተኛ ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ቀላል ፍርድ አልወደውም። መጽሐፈ ሄኖክን ከአገራችን ወስዶ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያደረሰ፣ መኃልየ መኃልይንም ወደ አገውኛ ያስተረጐመ ሰው ነው፤ ከጕዞው ሲመለስም ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውን የለንደን ሰዎች አናምንም ብለው ሲሣለቁበት ኖሯል። ሃያ ዓመት ሙሉ በልቡ ያንን ምንጭ ሲመላለስበት ጓደኛው እየደበዘዘ፣ እርሱ እየጐላ ሄዶ ይሆናል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። የልጅነታችንን ነገር ስናወራ በጎው ምክር ሁሉ ከእኛ አፍ የወጣ፣ ስንፍናው ሁሉ ከሌላው የመጣ ሆኖ ይሰማናል፤ ስናወራም እየዋሸን አይመስለንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ተረቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መርሳትን ብቻ ነው የፈራው። በብሩስ ነገር የጐዳው መርሳት አልነበረም፤ ባለቤቱን እያስዋበ የሚያስታውስ ልብ ነው። ያን ልብ የሚከተል መጽሐፍም ታትሞ፣ ተጠርዞ ሊወረስ ይችላል። ያረመው ማታ ላይ፣ ክብር ገና ሳይታሰብ፣ ደክሞት የተቀመጠ ሠዓሊ የጻፈው ጽሑፍ ነው።

በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ላጲስ ያጠፋዋል፤ ማን እንዳጠፋውም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በቀለም የጻፈ ሰው ግን ቃሉን ቢጸጸትበት በላዩ መስመር ይሰርዛል እንጂ አያጠፋውም፤ ሁለቱም ሐሳብ፣ የተሰረዘውና የተተካው፣ አብረው ይታያሉ። ይህ ነገር መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ሰው ገጹ ንጹሕ ቢሆንለት ይወዳልና። ነገር ግን ሰው ሐሳቡን የለወጠበትን ቀን ማወቅ ከፈለገ ንጹሕ ገጽ አይረዳውም።

የአዊ ከተሞችም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደሉም። ዳንግላ ላይ ከ1925 እስከ 1934 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ለካ፤ በየዕለቱ የያዘውን ሰብስቦም በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። ትዕግሥቱ ይመሰገናል። ይሁን እንጂ ቺዝማን ያየው የሚያልፍ ሰው የሚያየውን ነው፤ ብሩስም እንደዚሁ። የዳንግላ መምህር፣ የእንጅባራ ነጋዴ፣ የደብሩ ጸሐፊ አርባ ዓመት በአንድ ስፍራ ተቀምጦ የሚያየውን መንገደኛ ምን ያህል ዓይኑ ቢበራ አያይም። መንገደኛ ክረምቱ ከበደ ብሎ ይጽፋል፤ የአገሩ ሰው ግን ያምናው ክረምት ከዘንድሮው በስንት ቀን እንደ ቀደመ ሊጽፍ ይችላል።

ከጽሕፈቱ ጋር ንድፍም ቢታከልበት እወዳለሁ። «እኔ ሠዓሊ አይደለሁም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ሠዓሊነት አይጠየቅም። ጽሕፈትና ሥዕል በአንድ እጅ መኖራቸውም ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም፤ የጎጃምን ታሪክ የጻፉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሠዓሊም ነበሩ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች እያሰበ በእንጅባራ በዓል ያደርጋል። ያን ቀን የቆመ ተመልካች ሁሉ ፈረስ ያያል። ልጓሙ ከዛቡ ጋር በየት እንደሚያያዝ፣ ግላሱ በኮርቻው ሥር እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ ጠይቁት ግን ብዙው አይመልስም። አንድ ጊዜ በብዕር ለመንደፍ የሞከረ ሰው ይመልሳል፤ ሥዕሉ ቢጠምበትም እንኳ ይመልሳል፤ እጁ ያላወቀውን ነገር ማለፍ ስላልቻለ ዓይኑን ደግሞ እንዲያይ አስገድዶታልና። በንድፉ ጎንም የየዕቃውን ስም የአገሩ ሰው እንደሚጠራው በአውንጊ ይጻፍበት። አውንጊ ዛሬ በዞኑ ትምህርት ቤቶች በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በአማርኛ ለሌለው ድምፁም የተለየ ፊደል አለው። እንደዚሁም ከእንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር ሠሪው ቀርከሃውን እንዴት እንደሚሰነጥቅ፣ በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ የሚያከስለው ገበሬ ክምሩን በአፈር እንዴት እንደሚያለብስ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ገጽ ንድፍ ከአሥር ገጽ ቃል ይልቅ ይነገራሉ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል፤ እርሱም ሐሜት ነው። ማታ ብቻውን የሚጽፍ ሰው የሚያርመው የለም። በጎረቤቱ የተቈጣ ሰው ቍጣውን በቃል ቢናገረው ነገ ይበርዳል፤ በቀለም ቢጽፈው ግን ልጁ ያነበዋል፤ ልጁም የማያውቀውን ጠብ ይወርሳል። እንዲህ ከሆነ ያ የምናመሰግነው ብዕር የቂም ጎተራ ሆነ ማለት ነው። ስለ ሰው ክፉ ጨርሶ አይጻፍ ልል አልችልም፤ የደብር ጸሐፊ የመሬት ቅሚያን ቢያይ መጻፍ አለበት። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል፤ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሼ፣ ያ ሰው ከፊቴ ቆሞ ሳለ ላነበው የምችለውን ቃል ልጻፍ። የማልችለውን ያን ማታ ልተወው።

በንድፍም ነገር እንደዚሁ ነው። የከሰል ጆንያ የተሸከመች ሴት ቆማ ላቧን ስትጠርግ ከሩቅ ሆኖ የሚነድፋት ሰው ድካሟን ለራሱ ደስታ ይወስዳል። ጠይቆ፣ ስሟን ሰምቶ፣ ንድፉንም አሳይቶ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ «ጆንያው እንዲህ አይታሰርም» ብላ ታርመዋለች፤ ንድፉም ይሻላል። እንቢ ብትል ደግሞ የብዕሩን ክዳን መዝጋት ነው። ባሉጋኒ ስሙ ከገዛ ሥራው ላይ እንደ ጠፋ ያወቀ ሰው፣ የነደፈውን ሰው ስም ከንድፉ ሥር ለመጻፍ ሊሰንፍ አይገባውም።

ስለ ቀለሙ ጥቂት ልጨምር፤ በክረምቱ አገር ቀላል ነገር አይደለምና። በብልቃጥ የሚሸጠው ተራ ሰማያዊ ቀለም ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ የዝናም ጠብታም ያፈሰዋል፤ በሐምሌ ከእንጅባራ ገበያ የተመለሰ ደብተር ገጹ ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከብረት ጨውና ከዛፍ እበጥ የሚሠራው ቀለም አየር ሲያገኘው እየጠቆረ ወረቀቱን ስለሚይዝ ይሻላል፤ ይህኛው ግን ብዕሩ ቶሎ ቶሎ በውሃ ካልታጠበ ብረቱን ይበላል። የአባቶች የጥላሸት ቀለም ፀሐይንም ዘመንንም የሚችል ነው፤ ሆኖም በቀለም ብዕር ሆድ ውስጥ ከቶ አይጨመርም፤ ጥላሸቱ በቀጭኑ መንገድ ላይ ይረጋና ይደፍነዋል። በእርሱ ለመጻፍ የሚወድ ሰው ሸምበቆ በቢላ ቀርጾ እየነከረ ይጻፍበት፤ ፓርከሩንም ለብቻው በብልቃጡ ቀለም ይሙላው።