ስለ ቅዱሳን መላእክት ሰልፍና ስለ ቅናት

በጣራ ገዳም ደጅ አንድ ወጣት አግኝቶን፣ «አባቴ፣ ቅዱስ ገብርኤል በሰው ይቀናልን?» ብሎ ጠየቀን። ነገሩን ብንመረምር በፊልም ያየው ሆኖ አገኘነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 «ትንቢት» በሚል ስም የወጣው የአሜሪካ ፊልም፣ ገብርኤል በሰው ክብር ቀንቶ በሰማይ ዳግም ጦር እንዳነሣ አድርጎ ያሳያል፤ እስከ 2005 ድረስም አራት ተከታዮች ተጨምረውለታል።

የአበው ትምህርት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አክሲማሮስ እንደሚነግረን፣ ሳጥናኤል «ፈጣሪ ነኝ» ባለ ጊዜ የታወኩትን መላእክት ያጸናቸው ገብርኤል ነበር። ሞትም ወደ ዓለም የገባው በዲያብሎስ ቅናት መሆኑን መጽሐፈ ጥበብ ያስተምራል። እንግዲህ ቅናት የወደቀው ጠባይ ነው እንጂ የቆሙት አይደለም።

ፊልም ያየ ሁሉ ይስታል አንልም፤ ተረት መሆኑን የሚያውቅ ብዙ ነውና። ነገር ግን «መልአክ እንኳ ከቀና እኔ በወንድሜ ብቀና ምን ይደንቃል?» ወደሚል ምክንያት እንዳያደርሰን እንፈራለን። ያም ወጣት ርስት በተካፈለው ወንድሙ ላይ ቂም መያዙን በኋላ ገለጠልን።

ዛሬ የሚያሰጋን ሰልፍ በልባችን ውስጥ ያለው ነው፤ እኛም የምናስተምረው ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለንም። ስለዚህ «ሂድና ከወንድምህ ታረቅ» ብለን ሸኘነው። ለራሳችንም ለአንባቢዎቻችንም ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም።